ስለ ሕፃናት ጠባይ የሚነገረው የሥነ ልቡና ትርጓሜ እንዴት ይመዘናል?

ወንጌላዊው ዮሐንስ በዘጠነኛው ምዕራፍ እንደሚነግረን፥ ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው ባዩ ጊዜ ወደ ጌታችን ቀርበው የጠየቁት ስለ መዳኑ አልነበረም። የጠየቁት የበደለው ማን እንደ ሆነ፥ ሰውዬው ራሱ ወይም ወላጆቹ እንደ ሆኑ ነበር። ጌታችን ግን ሁለቱንም ምክንያት አልተቀበለም፤ በምራቁ ጭቃ አድርጎ ዓይኖቹን ቀባው፤ ሰውዬውም ሄዶ ታጠበ፥ እያየም ተመለሰ። ያ ጥያቄ በዚያን ዕለት ተጠይቆ አልቀረም። ልጅ ከባልንጀሮቹ ተለይቶ ዝም ባለ፥ ቍጡ በሆነ፥ ትምህርት አልገባው ባለ፥ ወይም በሰረቀ ጊዜ ዛሬም ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ጥፋቱ የማን እንደ ሆነ ነው። ልዩነቱ መልስ ሰጪዎቹ መብዛታቸው ብቻ ነው። ጎረቤት የሰው ዓይን ነው ይላል፤ ሌላው እርግማን ነው ይላል፤ በዘመናዊ ትምህርት ቤት የሠለጠነው መምህር ደግሞ የሥነ ልቡናን መጽሐፍ ገልጦ በሕፃንነቱ የደረሰበት ነገር ነው ይላል።

የሥነ ልቡና ትምህርት ዛሬ ከከፍተኛ ትምህርት ቤቶች አጥር ወጥቶ በባሌ ደጋ እስከ ሮቤና እስከ ጎባ መንደሮች ደርሷል። መምህራን ይማሩታል፤ ወጣቶች በየስልካቸው ያነቡታል፤ እናቶችም ልጆቻቸውን ይዘው ወደ እኛ ሲመጡ እንዲህ ተባልን፥ እንመን ወይስ አንመን ብለው ይጠይቁናል። በዚህ ጊዜ ከካህናት አንዳንዶቹ ትምህርቱን ከነስሙ የባዕድ ነገር ነው ብለው ይጥሉታል፤ አንዳንዶቹ ደግሞ አዲስ ዕውቀት ሁሉ እውነት እየመሰላቸው ሳይመረምሩ ይቀበሉታል። ሁለቱም አይበጅም። ወርቅ ሠሪ ያመጡለትን ሁሉ ወርቅ ነው ብሎ አይቀበልም፤ ሁሉንም ነሐስ ነው ብሎም አይጥልም፤ በመፈተኛው ድንጋይ ፈትኖ ይለያል እንጂ። እኛም በዚህ ጽሑፍ የምንደክመው ያንን ድንጋይ ለማሳየት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

የራሳችን ስሕተት

ነገሩን ከራሳችን ስሕተት እንጀምራለን። በባሌ ደጋ ካሉት አጥቢያዎች በአንዱ ፊደል እናስቈጥር በነበረበት ጊዜ ዕድሜው ሰባት ዓመት የሚሆን አንድ ልጅ ከእኛ ዘንድ ይማር ነበር። አባቱ በዚያው ዓመት በገብስ አጨዳ ወራት ዐርፎ ነበር። ልጁ ሁልጊዜ ከበሩ አጠገብ ተከናንቦ ይቀመጣል፤ ስሙ ሲጠራ አይመልስም፤ «ሰ»ን «ሸ»፥ «ተ»ን «ጠ» ይላል። እኩዮቹ አቡጊዳን ጨርሰው የዮሐንስን መልእክት ማንበብ ሲጀምሩ እርሱ ገና ከሀሁ አልወጣም ነበር። እኛም ስንፍና ነው ብለን ፈረድን፤ ደጋግመን ገሠጽነው፥ አንበረከክነው፤ በአለንጋ የመታንበትም ቀን አለ። የአባቱ እኅት የሰው ዓይን ነው ብላ ወደ ጠበል ወሰደችው። ሥነ ልቡና የተማረ አንድ የአስኳላ መምህር ደግሞ፥ አባቱ ከሞተበት ቀን ጀምሮ ልቡ በኀዘን ስለ ተዘጋ ነው አለ። እናቲቱ ሁሉንም እያዳመጠች ዝም ትል ነበር። የሦስታችንም ትርጓሜ መጨረሻው በእርስዋ ላይ ያርፍ ነበርና፤ በእኛ አነጋገር ያልቀጣችው፥ በአክስቱ አነጋገር ያልጠበቀችው፥ በመምህሩ አነጋገር ያላጽናናችው እርስዋ ነበረች።

አንድ ቀን እንደ ልማዳችን ስንቈጣው፥ አጠገቡ የምትቀመጥ አንዲት ትንሽ ልጅ «የኔታ፥ እሱ እኮ በዚህኛው ጆሮው አይሰማም፤ እኔ በወዲያኛው በኩል ዞሬ ነው የምነግረው» አለችን። ወደ ሐኪም ቤት ተወስዶ ቢታይ፥ ሁለቱም ጆሮዎቹ ለብዙ ጊዜ መግል ሲይዙ የኖሩ፥ አንደኛው ከሞላ ጐደል የደነቈረ፥ ሁለተኛውም የደከመ ሆኖ ተገኘ። መድኃኒት ተሰጠው፤ እኛም ከበሩ አንሥተን፥ የተሻለው ጆሮው ወደ እኛ እንዲሆን አድርገን ከአጠገባችን አስቀመጥነው። በሁለተኛው ዓመት ዳዊት ጀመረ።

ስንፍና በዓለም የለም አንልም፤ ፈተናም አለ፤ ኀዘንም የሕፃንን ልብ ይሰብራል። ሦስቱም ትርጓሜ በሌላ ልጅ ላይ እውነት ሊሆን ይችላል። ይህ ልጅ ያልተማረበትን ምክንያት ግን ከሦስታችን አንዳችን አላገኘነውም፤ ሁላችንም ትርጓሜያችንን ይዘን ወደ እርሱ መጣን እንጂ እርሱን አላየነውምና። ያየችው ከአጠገቡ የተቀመጠችው ናት። ከዚህ በኋላ የምንጽፈው ሁሉ ከዚህች ሕፃን የተማርነው ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም።

የነፍስን ነገር መመርመር ለቤተ ክርስቲያን እንግዳ አይደለም

አባቶቻችን ሰው ከሰባት ባሕርያት የተፈጠረ መሆኑን ያስተምራሉ። አራቱ የሥጋ ባሕርያት መሬት፥ ውኃ፥ እሳት፥ ነፋስ ናቸው፤ ሦስቱ የነፍስ ባሕርያት ልባዊነት፥ ነባቢነት፥ ሕያዊነት ናቸው። ስለዚህ የሰውን ጠባይ በአራቱ ብቻ ተርጕሞ ሦስቱን የሚተው ሰው ግማሽ ሰው ያያል፤ በሦስቱ ብቻ ተርጕሞ አራቱን የሚረሳም እንዲሁ ነው። በዚያ ልጅ ላይ የእኛ ስሕተት ሁለተኛው ነበር፤ ስለ ፈቃዱ ስንመራመር ጆሮውን ረሳን። በሌላ አገር ያሉ ብዙ ሊቃውንት ስሕተት ደግሞ የፊተኛው ነው።

ሐሳብ እንዴት ወደ ልብ እንደሚገባ፥ እንዴት እንደሚሰነብት፥ እንዴትም ልማድ እንደሚሆን መጽሐፈ መነኮሳት የሚባሉት ማር ይስሐቅ፥ ፊልክስዩስና አረጋዊ መንፈሳዊ በሰፊው ያስተምራሉ። ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅም ስለ ልጆች አስተዳደግ በጻፈው ድርሳን የሕፃንን ነፍስ አዲስ በተቈረቈረች ከተማ ይመስላታል፤ የስሜት ሕዋሳትን በሮችዋ ያደርጋቸዋል፤ ወላጆችም በሮቹን እንዲጠብቁ ያዝዛል። እንግዲህ የልጅ ጠባይ ከሚያየውና ከሚሰማው ነገር ጋር የተያያዘ መሆኑን ለመማር እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት መጠበቅ አላስፈለገንም።

ከዘመናዊው ትምህርት መሥራቾች አንዱ የሆነው ሩሲያዊው ኢቫን ፓቭሎቭም (1849–1936) የኦርቶዶክስ ቄስ ልጅ ነበረ፤ በወጣትነቱም በመንፈሳዊ ትምህርት ቤት ተምሯል። ስለ ምግብ መፈጨት ባደረገው ምርምር በ1904 የኖቤል ሽልማት የተሰጠው ይህ ሰው፥ ውሻ ምግብ ከመምጣቱ በፊት ዘወትር አንድ ምልክት ቢሰጠው ምልክቱን ብቻ ሰምቶ ለሃጩ እንደሚመጣ አሳየ። ይህ እውነት ነው፤ የሰው ሥጋም በልማድ ይሠለጥናል፤ ጾምን የለመደ ሰው ይህን ያውቃል። ጥያቄው ልማድ መኖሩ ሳይሆን ሰው ልማዱ ብቻ መሆንና አለመሆኑ ነው።

እንግዲህ አንድ የሥነ ልቡና ትርጓሜ ሲቀርብልን በሦስት ጥያቄ እንመዝነው።

፩ኛ፤ በየትኞቹ ልጆች ላይ ታየ?

ስዊዘርላንዳዊው ዣን ፒያዤ (1896–1980) የሕፃናት አእምሮ በደረጃ እንደሚያድግ አስተማረ። እርሱ እንደሚለው ከልደት እስከ ሁለት ዓመት ሕፃኑ በመዳሰስና በመንቀሳቀስ ያውቃል፤ እስከ ሰባት ዓመት ገደማ በምስልና በቃል ያስባል፤ ከሰባት በኋላ በፊቱ ስላለው ነገር በሥርዓት ማገናዘብ ይጀምራል፤ ከዐሥራ አንድ ገደማ በኋላ ደግሞ በዓይን ስለማይታይ ነገር መመራመር ይችላል። በቤተ ክርስቲያናችን ልማድ ልጅ ጾምንና ንስሓን የሚጀምረው በሰባት ዓመት መሆኑን ስናስብ፥ ሁለቱ ወገኖች ሳይተዋወቁ አንዱን ሕፃን ተመልክተው ተቀራራቢ ነገር እንዳዩ እንረዳለን። ይህን በደስታ እንቀበላለን።

ነገር ግን ፒያዤ ስለ መጀመሪያዎቹ ዓመታት የጻፈውን በአብዛኛው ያየው በገዛ ሦስት ልጆቹ ላይ ነበር። ከዚያም ወዲህ ነገሩ እጅግ አልሰፋም፤ በ2010 የታተመ አንድ ታዋቂ ጽሑፍ እንዳስረዳው፥ በታላላቅ የሥነ ልቡና መጽሔቶች ከተጠኑት የሰዎች ስብስቦች 96 ከመቶው የተገኙት ከዓለም ሕዝብ 12 ከመቶ ብቻ ከሚኖርባቸው አገሮች ነበር። እንግዲህ በጄኔቭ የተቈረጠ ልብስ በሮቤ ልጅ ላይ ሳይለካ ልክ ነው ሊባል አይገባውም። ከብት ሲጠብቅ የዋለ የደጋ ልጅ አርባ ከብት በመልክና በጠባይ ለይቶ ያውቃል፤ አንዲት ጊደር ብትጐድል ሳይቈጥር ያስታውቀዋል። ይኸው ልጅ በወረቀት ላይ በተሣለ ክብና ማዕዘን ቢጠየቅ ዝም ሊል ይችላል። በቤቱ ኦሮምኛ የሚናገር ልጅም በአማርኛ ተጠይቆ ቢዘገይ ቋንቋው ነው የዘገየው፤ አእምሮው ዘገየ ብሎ መጻፍ በደል ነው። በአገራችን ልጆች ላይ የሚደረገው ጥናት ስለዚህ ታላቅ ዋጋ አለው። ያንግ ላይቭስ የተባለው ጥናት ከ2002 ጀምሮ በኢትዮጵያ፥ በህንድ፥ በፔሩና በቬትናም ልጆችን ከዓመት ወደ ዓመት የተከታተለ ሲሆን፥ በአገራችን የያዛቸው ልጆች 3,000 ያህል ናቸው።

ልጆችን በቤታቸው ሳያዩ የሚሰጥ ትርጓሜ ወዴት እንደሚያደርስ ከአንድ ታሪክ እንረዳ። ስመ ጥር የነበረው አሜሪካዊ ጆን ዋትሰን በ1920 አንድ ሕፃን ነጭ አይጥ ባየ ጊዜ ከኋላው ብረት እየደበደበ አይጥ እንዲፈራ አደረገው። በ1928 ደግሞ ለወላጆች በጻፈው መጽሐፍ ልጆችን ማቀፍና መሳም እንደሚያበላሻቸው፥ ጠዋት እጃቸውን መጨበጥ እንደሚበቃ መከረ። በዚያ ዘመን ይህን ምክር የሰሙ እናቶች የሚያለቅስ ሕፃናቸውን ከማንሣት እጃቸውን ሰበሰቡ፤ የእኛ እናቶች ግን ልጃቸውን በአንቀልባ አዝለው ገብስ ይፈትጉ ነበር። ከጥቂት ዐሥር ዓመታት በኋላ ትምህርቱ ተገለበጠ። እንግሊዛዊው ጆን ቦልቢ በ1951 ለዓለም ጤና ድርጅት ባቀረበው ጽሑፍ ሕፃን የማይለዋወጥ የእናት ፍቅር እንደሚያስፈልገው አስረዳ፤ ሜሪ ኤንስዎርዝም በ1954ና በ1955 ወደ ኡጋንዳ መንደሮች ሄዳ እናቶችንና ሕፃናትን በየቤታቸው ተመለከተች። ያገኘችውም፥ ሕፃን እናቱን እንደ መጠጊያ ይዞ፥ ከእርስዋ እየራቀ ዓለምን ሊያይ እንደሚወጣ፥ በፈራ ጊዜም ወደ እርስዋ እንደሚመለስ ነው። ተቀምጦ ከመፍረድ ሄዶ ማየት እንዴት እንደሚሻል ከዚህ ይታወቃል።

፪ኛ፤ አብሮ የሄደውን ነው ወይስ ምክንያቱን ያሳየው?

ዶሮ ሲጮኽ ይነጋል፤ ግን ዶሮው አላነጋውም። ብዙ የሥነ ልቡና ትርጓሜ የሚሰናከለው በዚህ ነው። ዋልተር ሚሼል የተባለ ሊቅ በአሜሪካ ሕፃናትን፥ አሁን አንድ ጣፋጭ ነገር ከመብላትና ታግሦ ሁለት ከመቀበል እንዲመርጡ አደረገ፤ የታገሡትም በኋላ ዘመን በትምህርት የተሻሉ ሆነው ታዩ ተባለ። ከዚህም ብዙዎች የትዕግሥት ጕልበት ዕድልን ይወስናል ብለው ደመደሙ። በ2018 ግን ከ900 በላይ ልጆች ተመርምረው የቤተሰባቸው ኑሮና የእናታቸው ትምህርት አብሮ ሲታሰብ የልዩነቱ አብዛኛው ጠፋ። ይህ ለእኛ አስቸጋሪ አይደለም። የተገባለት ተስፋ ሲፈጸም ያላየ፥ የተራበ ልጅ፥ በእጁ ያለውን ቢበላ አስተውሎ ነው።

ምክንያትን ከአጃቢው የሚለይ ጥናትም አለ። በሩማንያ በ1989 መንግሥቱ በወደቀ ጊዜ በብዙ ሺህ የሚቈጠሩ ሕፃናት ያለ አሳዳጊ ፍቅር በሕፃናት ማቈያ ተጨናንቀው ተገኙ። ከዓመታት በኋላ በቡካሬስት 136 ሕፃናት ተወስደው፥ ከፊሎቹ በዕጣ ለአሳዳጊ ቤተሰብ ተሰጡ። ዕጣው ሀብታምና ድኻ፥ ብርቱና ደካማ ስለማይለይ፥ በኋላ የታየው ልዩነት ከአስተዳደጉ የመጣ መሆኑ ታወቀ። በቤተሰብ ያደጉት፥ ይልቁንም ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው የገቡት፥ በአእምሮም በፍቅርም ተሻሉ። የሙት ልጅን ወደ ቤት ማስገባት ምን ያህል ሥራ እንደ ሆነ ከዚህ የበለጠ ምስክር አያስፈልግም።

ምክንያት ሳይጣራ የተፈረደ ፍርድ ምን ያህል እንደሚያቈስል ግን የኦቲዝም ታሪክ ያሳያል። ሊዮ ካነር የተባለ ሐኪም በ1943 ከሰው ጋር መግባባት የተሳናቸውን 11 ልጆች ጠባይ ጻፈ፤ ወላጆቻቸውም ቀዝቃዞች እንደሚመስሉ አመለከተ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት የእናት ልብ መቀዝቀዝ የበሽታው ምክንያት እንደ ሆነ ተሰበከ፤ ብሩኖ ቤተልሃይም በ1967 ይህን በመጽሐፍ አስፋፋው። ራሱ የእንዲህ ያለ ልጅ አባት የሆነው በርናርድ ሪምላንድ በ1964 ትርጓሜው መሠረት እንደሌለው አሳይቶ ነበር፤ ካነርም በ1969 በወላጆች ጉባኤ ፊት ቆሞ ወላጆችን ከዚህ በደል ነጻ አወጣ። በ1977 የታተመው የመንትዮች ጥናትም ነገሩ በአብዛኛው በትውልድ የሚወረስ መሆኑን አመለከተ።

ይህን ስንጽፍ በሊቃውንቱ ላይ ለመሳለቅ አይደለም፤ የእኛም አገር እናቶች ያን ዘመን የሚመስል ፍርድ ተፈርዶባቸዋልና። በዚያ ልቧ ቀዝቅዞ ነው ተባለች፤ በዚህ ተረግማ ነው፥ ኃጢአት ሠርታ ነው ተባለች። ልጅዋ ከሰው እንዳይታይ በጓዳ የደበቀችው እናት ብዙ ናት። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ፥ ራሳቸው የኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት ሲሆኑ፥ በ2002 በአዲስ አበባ ጆይ የተባለውን የኦቲዝም ማዕከል አቋቁመው፥ በ2021 እስካረፉ ድረስ እነዚህን ልጆች ከጓዳ ወደ ፀሐይ ለማውጣት ደከሙ። ደቀ መዛሙርቱ በደለኛ ፈለጉ፤ ጌታችን ግን የእግዚአብሔር ሥራ የሚገለጥበትን ሰው አየ። አንድ ካህን የኦቲዝም ያለበትን ልጅ እናት በንስሓ ስም ከከሰሰ፥ ጌታችን የዘጋውን ጥያቄ መልሶ ከፈተ ማለት ነው።

፫ኛ፤ ለፈቃድና ለንስሓ ቦታ ይተዋልን?

ሲግመንድ ፍሮይድ (1856–1939) የጕልማሳው ጭንቀት ሥሩ በሕፃንነት በተቀበረ ምኞትና ፍርሃት ላይ መሆኑን አስተማረ። በሕፃንነት የደረሰ ነገር በኋላ ዘመን እንደሚያስቸግር እውነት ነው፤ የንስሓ አባቶች ሁሉ ያውቁታል። ትርጓሜው ሰውን ያለፈው ነገር እስረኛ ሲያደርገው ግን እንለየዋለን። ሳሙኤልንና የካህኑን የዔሊን ልጆች እናስብ። ሁሉም ያደጉት በአንድ ደጅ፥ በአንድ አረጋዊ እጅ ነው። እንዲያውም ሳሙኤል ጡት እንደ ተወ ከእናቱ የተለየ ልጅ ነበር። አፍኒንና ፊንሐስ ግን መሥዋዕቱን አቃለሉ፤ ሳሙኤል ድምፁን ሰምቶ መለሰ። አስተዳደግ ሁሉን የሚወስን ቢሆን ይህ ልዩነት ከወዴት መጣ? አስተዳደግ ምንም ካልሆነ ደግሞ ዔሊ ልጆቹን ስላልከለከለ ለምን ተወቀሰ? መጽሐፍ ሁለቱንም ይይዛል። ነቢዩ ሕዝቅኤልም በ18ኛው ምዕራፍ አባት በበላው የልጅ ጥርስ አይጠርስም ብሎ፥ እያንዳንዱ በራሱ መንገድ እንደሚጠየቅ ያስተምራል።

ስለዚህ በጎ የሥነ ልቡና ትርጓሜ ሸክሙን ያሳየናል፤ ተሸካሚው ግን ሰው መሆኑን አይሰውርም። ኀዘን ያለበት ልጅ ቢማታ፥ ኀዘኑን ማወቅ ቍጣችንን ያበርድልናል፤ መማታት ግን መልካም እንዳልሆነ ከማስተማር አያሳርፈንም። ቀኖና ሰጪ አባት እንደ ኃጢአቱ ብቻ ሳይሆን እንደ ሰውዬው ዐቅምና ሁኔታ እንደሚሰጥ፥ ወላጅም እንዲሁ ይሁን።

ከዚህ የሚከተለው ሥራ

እንግዲህ ወላጅ ልጁን ይዞ ወደ እኛ ሲመጣ ከሰባቱ ባሕርያት አንዱን አንርሳ። አስቀድመን ጆሮው ይሰማ እንደ ሆነ፥ ዓይኑ ያይ እንደ ሆነ፥ ሳይበላ ወጥቶ እንደ ሆነ፥ ከሳነቴ አምባ በሚወርደው ብርድ ሌሊቱን ተኝቶ እንደ ሆነ እንጠይቅ። ቀጥሎ ልጁን ራሱንና አጠገቡ የሚቀመጡትን እንጠይቅ። እናቲቱን እንስማት እንጂ አንክሰሳት። ጠበልና ጸሎት የእኛ ድርሻ ነው፤ ይህን ማድረግ ሐኪምን መናቅ አይደለም፤ መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪምን እግዚአብሔር እንደ ፈጠረው ያስተምራልና። የሥነ ልቡና ባለሙያም ቢናገር በትሕትና እንስማው፤ ሦስቱንም ጥያቄ እንጠይቀው፤ በእነዚሁ ጥያቄዎች የራሳችንንም ቃል እንመዝን። ከሁሉ ይልቅ ልጁ እየሰማ ሰነፍ፥ ደደብ፥ የተረገመ የሚል ስም አናውጣለት፤ ሕፃን የወጣለትን ስም ለብሶ ያድጋልና።

ያ ልጅ ዛሬ ጐልምሷል። ባገኘን ጊዜ እንደ ልማዱ በተሻለው ጆሮው በኩል ዞሮ መስቀል ይሳለማል፤ ስለ አለንጋውም አንድ ቀን ተናግሮ አያውቅም። እኛ ግን አዲስ ልጅ ከበሩ አጠገብ በተቀመጠ ቍጥር ያ ቀን ትዝ ይለናል፤ ከመጠየቃችንም በፊት ተነሥተን ወደ እርሱ እንቀርባለን።

የዕውሩን ዓይን ያበራ አምላክ ልጆቻችንን የምናይበትን ዓይን ለእኛም ያብራልን፤ አሜን።